ቀስ በቀስ የሚለቅ ማዳበሪያ ከታች ውሃ በሚያቁር የኦርኪድ መትከያ

ቀስ በቀስ የሚለቅ ማዳበሪያ መጀመሪያም የታሰበው ለአፈርና አፈር ለሚመስል መደብ ነው። እዚያ ከእንክብሉ የወጣውን ንጥረ ነገር ከፊሉን አፈሩ ይዞ ያቆየዋል፤ የተረፈው ውሃ በጠጣ ቁጥር ከዕቃው ሥር ፈስሶ ይወጣል። በከፊል ሃይድሮፖኒክ መትከያ (ያለ አፈር፣ በጠጠርና ከታች በቆመ ውሃ በሚያሳድገው) ውስጥ ሁለቱም የሉም። የሸክላ ጠጠር (ሌካ የሚባለው) ንጥረ ነገር ይዞ የማቆየት አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከእንክብሉ የወጣው ሁሉ ከታች በቆመው ውሃ ይጠራቀማል፤ ጠጠሩ ውሃውን ወደ ላይ ሲስብ ጨዉም አብሮ ይወጣል፤ ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል። ማሸጊያው ላይ የታተመው መጠን እዚህ የማይሠራው፣ እንክብሎቹን ከጠጠሩ ጋር ቀላቅሎ መትከልም የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም በትንሽ መጠን፣ ከላይ፣ በቀላሉ በሚወጣ ከረጢት ከተደረገና መትከያው በየሳምንቱ ከታጠበ በጣም ጥሩ ይሠራል። ብዙ ተክል ላለው ወይም በየሳምንቱ ማዳበሪያ መበጥበጥ ለሚሰለቸው ሰው ከፈሳሹ የተሻለ ነው። የሳምንቱ እጥበት ራሱ የሚሰለቸው ሰው ግን ከናካቴው ባይጀምረው ይሻላል።

የትኛው ማዳበሪያ

«ቀስ በቀስ የሚለቅ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለዚህ አተካከል የሚሆነው አንድ ብቻ ነው፤ ሙሉ ማዳበሪያው በሬዚን ወይም በፕላስቲክ ልባስ የተሸፈነው ክብ እንክብል። ኦስሞኮትና ኑትሪኮት በሚባል ስም የሚሸጡት ከዚህ ዓይነት ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ርጥበት በልባሱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል፣ የሟሟው ጨው ቀስ እያለ በልባሱ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ርጥበት እስካለ ድረስ ፍጥነቱን የሚወስነው በዋናነት ሙቀት ነው። ባክቴሪያም ሆነ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ብዙ ለውጥ አያመጡበትም፤ ለጠጠር መትከያ የሚስማማውም ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ይተዉአቸው። ከዩሪያና ከፎርማልዲሃይድ የተሠራው ማዳበሪያ እንዲፈርስ በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ያስፈልጉታል፤ በንጹሕ ጠጠር ላይ እነዚህ ጥቂት ስለሆኑ መቼ ምን ያህል እንደሚለቅ አይታወቅም። በድኝ የተሸፈነ ዩሪያ ልባሱ ስንጥቅጥቅ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ሰሞን ብዙውን ይለቃል፣ ድኙም ውሃውን ያኮመጥጠዋል። ከአጥንት፣ ከደም ወይም ከፍግ የተጋገረ ማዳበሪያ ደግሞ በቆመ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ይሸታል፣ ሥሩንም ይዞት ይሄዳል። ወደ ሥር የሚሰኩ የማዳበሪያ እንጨቶች አብዛኞቹ የታመቀ ተራ ማዳበሪያ ናቸው፤ ልባስ የላቸውም።

ትክክለኛውን ዓይነት ካገኙ በኋላ በማሸጊያው ጀርባ አራት ነገሮችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው የናይትሮጂኑ ዓይነት ነው። ናይትሮጂኑ በናይትሬት፣ በአሞኒየምና በዩሪያ ተከፋፍሎ ይጻፋል። አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአዲስ ጠጠር ላይ ገና አልተባዙም፤ ስለዚህ የናይትሬት ድርሻው ከፍ ያለውን፣ ዩሪያ የሌለበትን ወይም በጣም ያነሰበትን ይምረጡ። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ግማሽ በግማሽ ገደማ ናቸው፤ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው የናይትሮጂኑ መቶኛ ነው፤ በማሸጊያው ላይ ከሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም) የመጀመሪያው። የዚህ መመሪያ ስሌት በሙሉ 15 በመቶን ይዞ የተሠራ ነው። ሦስተኛው ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ቦሮንና ሞሊብዲነም መኖራቸው ነው፤ አፈር በሌለበት እነዚህን ከሌላ ቦታ ማግኘት አይቻልም።

አራተኛው የጊዜው ርዝመትና ያ ጊዜ የተለካበት ሙቀት ነው። ኦስሞኮት የሚጽፈው ወር በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካ ነው፤ ኑትሪኮት በቀን ቆጥሮ (100፣ 140፣ 180 እያለ) የሚጽፈው ደግሞ በ25 ዲግሪ። በ21 ዲግሪ ከ5 እስከ 6 ወር የሚባለው እንክብል በ30 ዲግሪ አካባቢ ወደ 3 ወይም 4 ወር ያጥራል። ፀሐይ የሚመታው ጠጠር ከክፍሉ አየር በላይ እንደሚሞቅም አይርሱ። እኛ የምንመርጠው የ5–6 ወሩን ነው። የ3–4 ወሩ በየቀኑ የሚለቀው ስለሚበዛ ለስሕተት ቦታ አይሰጥም፤ ዓመት የሚቆየው ደግሞ ተክሉ ዕቃ መቀየር ወይም ማረፍ በሚፈልግበት ጊዜም መልቀቁን አያቆምም።

መትከያውና ተክሉ

ስለ መትከያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከታች ያልተበሳ፣ ቢቻል ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ዕቃ፤ ከወለሉ 2.5 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ በጎኑ 5 ወይም 6 ሚ.ሜ. የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች። በትራፓኖ ወይም በጋለ ሚስማር ይበሳል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ተቀራርበው በአንድ ጎን ቢሆኑ ከታች ያለውን ውሃ ዘንበል አድርጎ ለማፍሰስ ይመቻል፤ ይህ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። ጠጠሩ ከ8 እስከ 16 ሚ.ሜ. ይሁን። ከመትከል በፊት አቧራው እስኪለቅ ይታጠብ፤ ከዚያ ውሃው እየተቀየረ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይዘፍዘፍ። አንዳንድ ጠጠር ከፋብሪካው ራሱ ጨው ይዞ ይመጣል፤ የተዘፈዘፈበትን ውሃ በጨው መለኪያ ቢያዩት ይነግርዎታል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በተክሉ ላይ ነው። በዛፍ ቅርፊት ወይም በሞስ ያደገ ሥር ወደ ሁልጊዜ እርጥብ ጠጠር ሲዛወር ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ቦታውን የሚይዘው እዚያው የበቀለ አዲስ ሥር ነው። ስለዚህ ዕቃ የሚቀየረው ከተክሉ ግርጌ አዲስ ሥር ማጎንቆል ሲጀምር ነው። ማዳበሪያው ደግሞ ከዚያም በኋላ ይቆያል፤ አዲሱ ሥር በጠጠሩ ውስጥ 4 ወይም 5 ሴ.ሜ. እስኪረዝም ድረስ እንክብል አይደረግም። ይህ እንደ ሙቀቱና እንደ ዝርያው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። በመካከሉ ንጹሕ ውሃ፣ ቢበዛ በጣም የቀጠነ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይበቃል። የሚሞት ሥር ጨው መቋቋም አይችልም፤ የሚበሰብሰው ሥርና የሚጠራቀመው ጨው ሲገናኙ አዲሱንም ሥር ይዘውት ይሄዳሉ።

መጠኑ እንዴት ይወጣል

ማሸጊያው ለአንድ ሊትር መደብ 3፣ 4 ወይም 5 ግራም ሊል ይችላል። ለዚህ መትከያ መነሻው ለእያንዳንዱ ሊትር የመትከያ መጠን 1 ግራም ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

15 በመቶ ናይትሮጂን ያለው 1 ግራም እንክብል 150 ሚሊ ግራም ናይትሮጂን ይይዛል። በ5 ወር ከፍለን ስናየው በቀን ወደ 1 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት 7 ሚሊ ግራም ይደርሳል። አንድ ሊትር በሚይዝ መትከያ ውስጥ ከታች የቆመውና ጠጠሩ የጠጣው ውሃ ተደምሮ 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ሳምንቱ ሲያልቅ በአንድ ሊትር 35 ሚሊ ግራም ናይትሮጂን ማለት ነው፤ ተክሉ የወሰደው ሳይቀነስ። ይህ ለአብዛኞቹ ኦርኪዶች ልከኛ ምግብ ነው።

አሁን አንዱን ቁጥር እንለውጥ። በማሸጊያው መሠረት 5 ግራም ቢደረግ በሳምንቱ መጨረሻ 175 ይሆናል። 1 ግራሙ እንዳለ ሆኖ ለአራት ሳምንት ሳይታጠብ የጎደለውን ብቻ እየሞሉ ቢቆዩ 140 ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ውሃው በትነት ወደ ግማሽ ሲወርድ 280። 5 ግራም ተደርጎ፣ አራት ሳምንት ሳይታጠብ፣ በሞቃት ወር ከሆነ ስሌቱን መጨረስም አያስፈልግም፤ ሥሩ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ከቁጥሮቹ እንደሚታየው እጥበት መዝለል መጠን የማብዛት ያህል ይጎዳል። ሙቀቱ ብቻውን፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ 35ቱን ወደ 55 ገደማ ያደርሰዋል፤ ይህን ያህሉን ብዙው ተክል ይችለዋል።

በተግባር እንዲህ ይሁን፦

- ግማሽ ሊትር የሚይዝ መትከያ (አፉ 10 ሴ.ሜ. ገደማ)፦ ግማሽ ግራም
- 1 ሊትር የሚይዝ (12 ወይም 13 ሴ.ሜ.)፦ 1 ግራም
- 2 ሊትር የሚይዝ (15 ወይም 16 ሴ.ሜ.)፦ 2 ግራም

መትከያዎ ስንት እንደሚይዝ ካላወቁ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍነው ባዶውን በውሃ ይስፈሩት። ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ወደ 5 ግራም ስለሚይዝ በማንኪያ መስፈር ለዚህ ሥራ ሻካራ ነው፤ አንድ አሥረኛ ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ይጠቀሙ። ሚዛን ከሌለ የአንድ የሻይ ማንኪያ እንክብል በወረቀት ላይ ዘርግተው በዓይን አምስት ቦታ ይክፈሉት፤ አንዱ ክፍል 1 ግራም ይጠጋል።

የናይትሮጂኑ መቶኛ ከ15 ከተለየ መጠኑን ያስተካክሉ፤ 10 በመቶ ከሆነ አንድ ግራሙ አንድ ግራም ተኩል ይሆናል። የ3–4 ወሩን ዓይነት ብቻ ካገኙ ሁለት ሦስተኛውን ያድርጉ። ተክሉ እየበረታ፣ ቅጠል እያወጣ፣ ከታች የሚወጣው ውሃም ጨዉ ዝቅ ያለ ከሆነ በሚቀጥለው ዙር በሊትር ወደ 1.5 ግራም ማሳደግ ይቻላል። በሊትር ከ2 ግራም በላይ የሚያስፈልገው ዝርያ ጥቂት ነው።

ከረጢቱ

እንክብሎቹን በጠጠሩ ላይ መበተን ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የእንክብሉ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከዚያ የሰፋ ነው። በሁለት በሦስት ማጠጣት ውስጥ ቁልቁል ይወርዱና ከታች ባለው ውሃ ውስጥ ይሰፍራሉ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ተክሉን ነቅሎ ጠጠሩን ከማጠብ ውጪ ማውጫ የላቸውም።

ስለዚህ ከረጢት። የሚያስፈልገው ባዶ የሻይ ቅጠል ከረጢት (ከወረቀት ሳይሆን ከማይበሰብስ ጨርቅ የተሠራው)፣ ወይም ከአሮጌ የናይለን ስቶኪንግ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። የጥጥ ጨርቅ ይሻግታል፤ ወረቀት በወር ውስጥ ይቀደዳል።

1. እንክብሎቹን በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው የተሰበሩትንና የተፈረከሱትን ያስወግዱ። በማሸጊያው ግርጌ የሚቀረውን ዱቄትም አይጠቀሙ። የተሰበረ እንክብል ውሃ በነካው ዕለት ያለውን ሁሉ ይለቃል።
2. ለመትከያው የሚገባውን መዝነው ከረጢቱ ውስጥ ይጨምሩ። ትልቅ መትከያ ከሆነ ለሁለት ከረጢት ይክፈሉት፤ ጨዉ በአንድ ቦታ አይከማችም።
3. አፉን በናይለን ክር ይቋጥሩ፤ ክሩን 10 ሴ.ሜ. ያህል አስረዝመው ይተዉት። ከረጢቱ የሚሳበው በእርሱ ነው። ቀኑን በእርሳስ ትንሽ የፕላስቲክ ምልክት ላይ ይጻፉ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ በውሃና በብርሃን ይጠፋል።
4. ከላይ አንድ ረድፍ ጠጠር ገለጥ አድርገው ከረጢቱን ያስተኙና መልሰው ይሸፍኑት። ከ1 እስከ 2 ሴ.ሜ. ጥልቀት ይበቃል። ከተክሉ ግርጌ ቢያንስ 3 ሴ.ሜ. ይራቅ፣ ወደ ዕቃው ጠርዝ ይጠጋ። አዲስ ሥር የሚወጣው ከግርጌው ስለሆነ ለስላሳው የሥር ጫፍ ከረጢቱን መንካት የለበትም።
5. ወዲያውኑ በዝግታ ያጠጡ፤ የመትከያውን ያህል ውሃ ከላይ አፍስሰው በጎን ቀዳዳው እስኪወጣ ይጠብቁ። በእንክብሎቹ ላይ ያለው ብናኝ በዚህ ይሄዳል።

ከረጢቱ በጠጠር መሸፈኑ ምክንያት አለው። ከላይ ፈጦ ሲቀመጥ በሁለት ማጠጣት መካከል ይደርቃል፤ የወጣው ጨው እዚያው ይረጋል። ከዚያ በሚቀጥለው ውሃ ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሟሙቶ ይወርዳል። ወደ ታች ጠልቆ ከተቀበረ ደግሞ የመጀመሪያው ችግር ተመልሶ መጣ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እንክብልና እርጥብ ጠጠርን አስቀድሞ ቀላቅሎ «ለሌላ ጊዜ» ማስቀመጥ አይገባም። መልቀቅ የሚጀምረው ርጥበት ካገኘበት ሰዓት ነው፤ ተክል መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። ቀሪው ማዳበሪያ አፉ ጥብቅ ተደርጎ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ማጠጣት፣ ማጠብና መለካት

በሳምንት አንድ ቀን መትከያውን ወደ ቀዳዳው በኩል ዘንበል አድርገው ከታች ያለውን አሮጌ ውሃ ያፍስሱ። ከዚያ የመትከያውን ያህል ንጹሕ ውሃ በጠጠሩ ዙሪያ ሁሉ፣ በከረጢቱም ላይ ጭምር፣ በዝግታ ያውርዱ። አሮጌውን ሳያፈሱ ከላይ ብቻ ቢጨምሩ አዲሱ ውሃ ከአሮጌው ጋር ተደባልቆ ከፊሉ ብቻ ይወጣል፤ ያኔ እጥፍ ውሃ ያስፈልጋል። በመካከል ውሃው ካነሰ በንጹሕ ውሃ መሙላት ይቻላል፣ ግን እንደ እጥበት አይቆጠርም።

በወር አንድ ጊዜ ከረጢቱን አውጥተው መትከያውን በሦስት እጥፍ ውሃ ይጠቡና ከረጢቱን ይመልሱት። ውሃው የክፍሉ ሙቀት ይኑረው።

የጨው መለኪያ (የኢሲ መለኪያ) ላለው ሰው ሥራው ሁሉ ይቀላል። የሚለካው የሚጠጣው ውሃ ሳይሆን ከማጠጣት በፊት ዘንበል ተደርጎ የሚፈሰው አሮጌ ውሃ ነው። ለትልልቅ ፋላኖፕሲስ፣ ካትሊያና ኦንሲዲየም ኦርኪዶች ከ1.0 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር (መለኪያው ጨዉን የሚያነብበት አሃድ) ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለፓፊዮፔዲለም፣ ለማስዴቫሊያና ለችግኝ ከ0.5 አይለፍ። የቧንቧው ውሃ ራሱ 0.4 ከሆነ ለማዳበሪያው የቀረው ቦታ ጠባብ ነው፤ ያኔ መጠኑን ማሳነስ ወይም የዝናብ ውሃ መቀላቀል ነው። መለኪያዎ በፒፒኤም የሚያነብ ከሆነ በየትኛው ስሌት እንደሚሠራ ይመልከቱ፤ 1.0 ሚሊ ሲመንስ በአንዱ መሣሪያ 500፣ በሌላው 700 ተብሎ ይነበባል።

ንባቡ ከወሰን ካለፈ ከረጢቱን ያውጡ፣ መትከያውን በሦስት እጥፍ ውሃ ይጠቡ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይድገሙት። ሁለተኛው እጥበት የሚያስፈልገው በጠጠሩ ቀዳዳዎች ውስጥ የገባው ጨው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነው። ንባቡ ሲወርድ ከረጢቱን ግማሹን እንክብል ቀንሰው ይመልሱት።

ፒኤች በሁለት ሳምንት አንዴ ቢታይ ይበቃል። ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ምቹ ነው። ተክሉ አሞኒየም በብዛት ሲወስድ ውሃው ይኮመጥጣል፤ ናይትሬት ሲወስድ ወደ ላይ ይሄዳል። ለስላሳ ውሃ የሚጠቀም ሰው ፒኤቹ በፍጥነት ሲወርድ ካየ በብዛት ችግሩ አሞኒየሙ ላይ ነው።

ካልሲየም

አብዛኞቹ ልባስ ያላቸው እንክብሎች ካልሲየም የላቸውም። ጠጣር የቧንቧ ውሃ ላለው ሰው ይህ ጉዳይ አይደለም፤ ውሃው ራሱ ያመጣዋል። በዝናብ ውሃ ወይም በአርኦ ማጣሪያ (ማዕድኑን ሁሉ በሚያስቀር ማጣሪያ) በወጣ ውሃ የሚያጠጣ ግን መጨመር አለበት፤ ካልሆነ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ጫፉ ጠቁሮ ይበቅላል፣ የሥር ጫፍም ይሞታል።

በሁለት ሳምንት አንዴ በአንድ ሊትር ውሃ 0.15 ግራም ካልሲየም ናይትሬት ይበቃል። ይህ በሊትር 28 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየምና 23 ሚሊ ግራም ናይትሮጂን ይሰጣል። ናይትሮጂኑ ከእንክብሉ ላይ የሚደመር ስለሆነ ሌላ ፈሳሽ ማዳበሪያ አያክሉበት። በእንክብሉ ማሸጊያ ላይ ማግኒዝየም ካልተጻፈ በሌላኛው ሳምንት በሊትር 0.1 ግራም ማግኒዝየም ሰልፌት ይስጡ። ሁለቱን በወፍራሙ አንድ ላይ መበጥበጥ አይገባም፤ ካልሲየሙ ከሰልፌቱ ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል።

ሲበላሽ የሚታየው

ማቆሪያው ሙሉ ሆኖ ቅጠሉ ከተጨማደደ ሁለት ምክንያት አለ፤ ሥሩ በስብሷል፣ ወይም ውሃው ጨው ስለበዛበት ሥሩ መሳብ አቅቶታል። በጎን በኩል ሥሩን ይመልከቱ። የጨው ጉዳት ከጫፍ ይጀምራል፦ የሥሩ ጫፍ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይደርቃል፣ ከጫፉ ኋላ ያለው ግን ገና ጠንካራ ነው። የበሰበሰ ሥር ሲነኩት ይላሽቃል፤ ቆዳው ተገፎ መሐል ላይ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። የመጀመሪያው በእጥበት ይመለሳል፤ ከጎን አዲስ ሥር ይወጣል። ሁለተኛው ማዳበሪያ ማውጣትን ብቻ ሳይሆን ተክሉን ነቅሎ የሞተውን መቁረጥን ይጠይቃል።

በላይኛው ጠጠር ላይ ነጭ ነገር ሲታይ ሁሉም ማዳበሪያ ነው ብለው አይፍረዱ። አንድ ጠጠር አንሥተው ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ ከጠጣር ውሃ የመጣ ኖራ ነው፤ መልክ ያበላሻል እንጂ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ካላወጣ የማዳበሪያ ጨው ነው። የላይኛውን 2 ሴ.ሜ. ጠጠር ገፍፈው ለአንድ ቀን በውሃ ይዘፍዝፉ፣ ወይም በአዲስ ይተኩት። ከተክሉ ግርጌ ጋር የተጣበቀ ጨው ካለ ቀድመው ያንን ያስለቅቁ፤ አዲስ ሥር እዚያ ላይ ሲያርፍ ይቃጠላል።

የቅጠል ጫፍ ቡናማ ሆኖ ደርቆ መሥመሩ ከአረንጓዴው በጥርት ከተለየ ጨው ይጠርጥሩ። ታችኛው ቅጠል አንድ ቢጫ ሆኖ ቢወድቅ የእርጅና ነው። በላይ በላይ ሁለት ሦስት ሲከተሉ ግን ናይትሮጂን አንሷል፤ እንክብሉ አልቋል ወይም ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሆኖ መልቀቁ ተዳክሟል። በብርድ ጊዜ እንክብል መጨመር ግን ወጥመድ ነው። ተክሉም በብርድ አይበላም፤ ሙቀቱ ሲመለስ አሮጌውም አዲሱም እኩል ይለቃሉ።

አረንጓዴ ዝቃጭ ብርሃን በሚያስተላልፍ ዕቃ ላይ የተለመደ ነው። ብዙ አይጎዳም፣ ግን ለሥር እይታ እንቅፋት ነው። መትከያውን ብርሃን በማያስገባ ሌላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥና ሥር ማየት ሲፈልጉ ማውጣት ይበቃል።

ከረጢቱ መውጣት ያለበት ጊዜ

ኖቢሌ ዓይነት ዴንድሮቢየም ለማበብ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት፣ ከናይትሮጂን ነጻ የሆነ ዕረፍት ነው። ያን ጊዜ እንክብል ከለቀቀለት በአበባ ፈንታ በዘንጉ ላይ ትንንሽ ልጅ ተክል ሊያወጣ ይችላል። አዲሱ ዘንግ ማደጉን ጨርሶ የመጨረሻውን ጫፍ ቅጠል ሲያወጣ ከረጢቱን ያውጡ፣ ጠጠሩን በደንብ ይጠቡ። ካታሴተም የተባለው ኦርኪድ በእድገት ወራት በሊትር 3 ግራም እንኳ የሚችል በላተኛ ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ግን ከረጢቱም የቆመውም ውሃ ይወገዳል።

ከነዚህ ውጪ ደግሞ ተክል ሲታመም፣ ሥር ሲቆረጥ፣ ሰው ለሳምንታት ከቤት ሲርቅ ከረጢቱ ይውጣ። የወጣውን ከረጢት በአየር አድርቀው ማስቀመጥና መመለስ ይቻላል፤ ቢሆንም የሰረገው ርጥበት እስኪወጣ ድረስ ትንሽ ይለቃል። ስለዚህ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ አይድረቅ።

እንክብሉ ማለቁን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ ልባሱ ባዶ ሆኖም ክብነቱን አይለቅም። አምስት ስድስት እንክብል አውጥተው በጣት ይጫኑ። ጠጣር ከሆነ ገና አለው። ፈርጦ ውሃ ብቻ ከወጣና ቅርፊቱ ከተሸበሸበ አልቋል። ግማሾቹ ፈርጠው ግማሾቹ ጠጣር ከሆኑ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። አዲሱ ከረጢት የሚገባው አሮጌው ከወጣ፣ መትከያው በሦስት እጥፍ ውሃ ከታጠበና አንድ ሳምንት በንጹሕ ውሃ ከቆየ በኋላ ነው። ባዶው ቅርፊት ፕላስቲክ ስለሆነ ከነከረጢቱ ወደ ቆሻሻ ይሂድ፤ የአትክልት ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይጣል።